ወይዘሮ እንቁ ከዳተኛውን ፒሎት ከሥልጣን ያወረዱበት ዜና

በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ወይዘሮ እንቁ ከድሬዳዋ በአውቶቡስ ወርደው ጅቡቲ ከተማ በገቡ በዘጠነኛው ዓመት፣ በማዳም ሁዳ ቤት የማእድ ቤቱን ቁልፍ በተረከቡ በስድስተኛው፣ ላፕቶፑን በወረሱ በሁለተኛው፣ ሳሎኑም ክሊም የሚሉት አዲስ ማቀዝቀዣ በተተከለለት በመጀመሪያው ዓመት፣ በወርኃ ግንቦት በአምስተኛው ቀን፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ ከተማው ሁሉ በሙቀት ተሸንፎ በየጥላው በተኛበት ጊዜ የጀመረውን ነገር እንጽፋለን። ካየነው አንቀንስም፤ የሰማነውን ግን ጥቂት እናሳምራለን፤ የጸሐፊ ወጉ ነውና።

ወይዘሮ እንቁ ማለት ቁመታቸው አጠር፣ እርምጃቸው ፈጠን ያለ፣ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት፣ በካርቲየ 3 በማዳም ሁዳ ቤት እያደሩ የሚሠሩ፣ በጠዋት ዳቦ የሚገዙ፣ በረፋድ ወጥ የሚያወጡ፣ በማታ ሸሚዝ የሚተኩሱ ናቸው። ነገር ግን ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት፣ ቤተሰቡ የቀትር እንቅልፉን ሲተኛ፣ ሽርጣቸውን አውልቀው መምህርት ይሆናሉ። ትምህርት ቤታቸው በርና ጥቁር ሰሌዳ የለውም፤ በቴሌግራም ላይ የተመሠረተ ነው። የተመሠረተበትም ምክንያት እንዲህ ነው። ወይዘሮ እንቁ ገና እንደመጡ የመጀመሪያዋ አሠሪያቸው ሴርፒየር አምጪ ብላ ብታዛቸው፣ ሴርፒየር የወለል መወልወያ ጨርቅ መሆኑን ሳያውቁ፣ ሰርቪየት መስሏቸው፣ በጥልፍ ያጌጠውን የእንግዳ አፍ መጥረጊያ ሰብስበው ወለሉን ሙልጭ አድርገው ወለወሉበት፤ በሦስተኛው ቀንም ከነሻንጣቸው ደጅ ተገኙ። ያን ጊዜ በሻንጣው ላይ ተቀምጠው፣ ከእንግዲህ ወዲህ የአገሬ ሴት በአንዲት ቃል ምክንያት ደጅ አትወድቅም ብለው ማሉ።

መሣሪያቸውም የማዳም ሁዳ ልጅ ዘከሪያ ለትምህርት ወደ ውጭ ሲሄድ የተወላቸው የጨዋታ ላፕቶፕ ነው፤ ሲነሣ እንደ ከባድ መኪና የሚያጓራ፣ ቁልፎቹ በቀይና በሰማያዊ የሚበሩ፣ ከፈረንሳይኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የማይሰማ። ወይዘሮ እንቁ ድሬዳዋ የጸሐፊነትና የኮምፒውተር ኮርስ ተምረው ነበርና አልፈሩትም። በስክሪኑ ላይ ቃሉን በትልቁ ይጽፋሉ፣ ከፊደሉ ሥር በማውዝ ቀይ መስመር እየሳቡ በድምፃቸው ያነባሉ፤ የስክሪኑን ሥዕልና የእሳቸውን ድምፅ አንድ ላይ የሚቀርጽ ፕሮግራምም ሁሉን አስሮ ቪዲዮ ያደርገዋል። እንዲህ አድርገው ሃያ ሦስት ትምህርት አወጡ።

ተከታዮቻቸውም እነዚህ ናቸው። ከካርቲየ 3 አሥራ አንድ፤ ከነሱ ዋነኛዋ ዝማሬ፣ ሁለት ፎቅ በአንድ ባልዲ ውኃ የምትወለውል፣ ቀልድ የማያልቅባት። ከኤሮን ዘጠኝ፤ ከነሱ ዋነኛዋ መስከረም፣ የፈረንጅ መንታ የምታሳድግ፣ በሁለት እጇ ሁለት ጡጦ ይዛ በአገጯ ቪዲዮ የምትከፍት። ከአምቡሊ ስምንት፣ ሁሉም ልብስ ተኳሾች፣ የጆሮ ማዳመጫቸውን በሻሻቸው ሥር የሚደብቁ። ከባልባላ ከነዋራበሌው አሥራ ሁለት፣ ገና ሥራ የሚፈልጉ። ከፔካ 12 ሦስት፣ ለመኪና ሹፌሮች ምግብ የሚያበስሉ፣ ፈረንሳይኛ ባያስፈልጋቸውም ተማሪ መባሉ ያስፈለጋቸው። ድምር አርባ ሦስት ነፍስ።

ከዋራበሌዎቹም መካከል ሲምቦ የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከአርሲ መጥታ ከአገሯ ልጅ ከአበሩ ቤት በአንድ ክፍል ከስድስት ሰው ጋር የተጠጋች። ይህች ሲምቦ ባለፈው ወር አንድ ቤት ገብታ ነበር። በሁለተኛው ትምህርት ኦ ማለት ውኃ ነው ብለው ወይዘሮ እንቁ አስተምረዋታልና፣ ኦ ደ ጃቬል የሚል ጠርሙስ ባየች ጊዜ አንድ ዓይነት ውኃ መስሏት ደስ ብሏት በባልየው ሰማያዊ ሸሚዝ ላይ አፈሰሰችው። በረኪና ነበረ። ሸሚዙ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደመናማ ሰማይ ሆነ፤ ሲምቦም ወደ ዋራበሌ ተመለሰች። ወይዘሮ እንቁ ይህን በሰሙ ጊዜ ምሳ አልበሉም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቃሉን አስተምሬ ጠርሙሱን አላስተማርኩም፣ ብለው በልባቸው ያዙት።

አሁን ደግሞ ሲምቦ በኤሮን ሌላ ቤት አግኝታ፣ የፊታችን እሑድ ልትጀምር ተስማምታለች። የዚያ ቤት ማዳም የአራት ዓመት ልጅ አላት፤ ልጁ ለውዝ ከቀመሰ ጉሮሮው ይዘጋል። ማዳሟም፣ የሚበላውንና የማይበላውን በፍሪጎው፣ በፍሪጁ ማለት ነው፣ ላይ ጽፌ እለጥፋለሁ፣ ማንበብ ትችያለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሲምቦ ፈጽማ የምታምነው የፈረንሳይኛ ቃል አንድ ነበረና እሱን መለሰች፦ ዊ፤ አዎ ማለት ነው።

ከዚያም ቤቷ ገብታ በቡድኑ ውስጥ በድምፅ እንዲህ ስትል አሰማች፦

«እትዬ እንቁ፣ እኔ ዊ ብዬ መጥቻለሁ። እስከ እሑድ ማንበብ ካልቻልኩ ግን እዛ ቤት አልሄድም። ሸሚዝ ይገዛል፣ ሕፃን አይገዛም። የክፍሌ ልጆች ቅዳሜ ወደ ኦቦክ ይወጣሉ፤ ካልሆነ ከነሱ ጋር ጀልባ እገባለሁ፤ የመን ቢያንስ ማንም አንብቢ አይለኝም።»

ወይዘሮ እንቁ ይህን ሰምተው ሽንኩርት የሚከትፉበትን ቢላዋ አስቀመጡ። ሽንኩርቱ ነው ያስለቀሳቸው የሚሉ አሉ። ከዚያም ስልካቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው አዋጅ አስነገሩ፦

«ያየሽ ላላየችው አሳዪ! ሃያ አራተኛው ትምህርት የጠርሙስና የማሸጊያ ንባብ ነው። ምን ምን እንዳለበት፣ ምን እንደሌለበት፣ የቱ እንደሚበላ፣ የቱ እንደሚገድል። እስከ ዓርብ ይወጣል ብያለሁ፤ ይወጣል። አንቺ ሲምቦ ደግሞ ጀልባ የሚባለውን ነገር ዳግመኛ ከአፍሽ እንዳልሰማው!»

ከዚህ በኋላ በዚያው ማክሰኞ በስምንት ሰዓት በልብስ መተኮሻው ክፍል ሰፈሩ፤ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ቀርጸው ላኩ። ነገር ግን ሥዕሉ አልረጋም። ብልጭ ይልና ድርግም ይላል፤ ስክሪኑ ይጠቁርና ይነጣል፤ ቀዩ መስመር በአንዱ ፊደል ሥር ታይቶ ሳይጨርሱት ይሰወራል። ወዲያውም ከየአቅጣጫው መልእክት ይጎርፍ ጀመር። ዝማሬ፣ «እትዬ፣ ትምህርት ነው ወይስ የሰርግ መብራት? እኔማ ከመጥረጊያዬ ጋር ጨፈርኩ» አለች። መስከረም፣ «መንታዎቹ ወደዱት፤ እኔን ግን አጥወለወለኝ» አለች። ሲምቦ ግን፣ «አንዱን ፊደል ሳነብ ሦስቱ ይጠፉብኛል። ራሴን አመመኝ» አለች፤ ከሁሉ ይህች ቃል ከበደች።

ወይዘሮ እንቁም ዘመቻ ጀመሩ። በመጀመሪያ ማሽኑን አጥፍተው አበሩት፤ ደግመው አጥፍተው አበሩት፤ በሦስተኛው የመድኃኔዓለምን ስም ጠርተው አበሩት። አልሆነም። ከዚያ ስክሪኑን በስልካቸው ለመቅረጽ ሞከሩ፤ በፊደሉ ላይ መስመር መስመር ወጣበት፣ በመካከሉም የእሳቸው ፊት ከነሻሹ ታየ። በፎቶ ልላክ ብለው አሥራ ዘጠኝ ፎቶ ላኩ፤ ቅደም ተከተሉ ተዘበራርቆ ሻምፑው ከሳርዲኑ ጋር ተደባለቀ፣ አምቡሊም ውስጥ አንዷ ዓሣ ለፀጉር ይጠቅማል ወይ ብላ ጠየቀች። የሚሳበው መስመርና የሚሰማው ድምፅ አብረው ካልሄዱ ትምህርቱ ትምህርት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ታወቀ።

ከዚያም ጥርጣሬያቸው በሙቀቱ ላይ ወደቀ፤ ላፕቶፑ እንጀራ የሚጋገርበት እስኪመስል ግሎ ነበርና። ወደ ሳሎኑ ክሊም እንዳይወስዱት የማዳም ሁዳ ባለቤት ጌቶች ሳሎን ተኝተዋል። ስለዚህ ወደ ማእድ ቤት ዘመቱ፣ የፍሪጎውን በር ወለል አድርገው ከፈቱ፣ ማሽኑን በወተቱና ሐባብ በሚሉት በሐብሐቡ መካከል አስቀመጡት፣ ራሳቸውም ከበሩ ሥር በርጩማ ስበው ተቀመጡ፤ ስለ በረኪና አደገኛነት በለሆሳስ ሲያስተምሩም ማዳም ሁዳ ውኃ ሊጠጡ ብቅ አሉ።

ማዳም ሁዳ በአንድ ፋርማሲ የሚሠሩ፣ ብዙ የማይናገሩ፣ ከተናገሩ ግን የማይደግሙ ሴት ናቸው። ፍሪጎውን አዩ፣ ላፕቶፑን አዩ፣ ወይዘሮ እንቁን አዩ። ከዚያም ይህን ፍርድ ሰጡ፦

«እንቁ፣ ፍሪጎ የተገዛው ለሐባብ ነው። ኦርዲናተሩን አውጪው።»

ጠርሙሳቸውን ይዘው ሄዱ። ወይዘሮ እንቁም አፍረው ማሽኑን አወጡ፤ ወተት ነክቶት ስለነበር በፎጣ ጠረጉት። የቀዘቀዘው ማሽን የቀረጸውን ሲከፍቱት እንደ ቀድሞው ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ሙቀትም ከክሱ ነጻ ወጣ።

በማግስቱ ረቡዕ፣ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ለሰላጣ ቅጠል ልግዛ ብለው ላፕቶፑን በዘንቢል ከተው፣ በላዩ ፎጣ አልብሰው፣ ወደ ስልክ ጠጋኙ ወደ ከይረዲን ሱቅ ገሠገሡ። ከይረዲን የወልቂጤ ሰው፣ ሱቃቸው ከቁም ሣጥን የማይበልጥ፣ በግድግዳቸው የመቶ ስልክ ሬሳ የተንጠለጠለ፣ ለማንኛውም በሽታ መድኃኒቱን ከበሽተኛው በፊት የሚያውቁ ናቸው። ገና ፎጣው ሳይነሣ ፍርዳቸውን አወጁ፦

«ስክሪኑ ሞቷል፣ እትዬ። ወይ ኬብሉ ተበልቷል። ስክሪን እናዝዛለን፣ በሁለት ሳምንት ይመጣል።»

ወይዘሮ እንቁ ግን መንገድ ለመንገድ ሲያስቡ መጥተው ነበርና እንዲህ አሉ፦ «ከይረዲን፣ እኔ ስጽፍበት ስክሪኑ ጸጥ ያለ ነው። የሚርገበገበው የተቀረጸው ብቻ ነው። እስቲ ቪዲዮውን በአንተ ማሽን ክፈተው።»

ከይረዲን ከፈቱት። በከይረዲን ማሽን ላይም ብልጭ ድርግም አለ። በስልካቸውም ከፈቱት፤ እዚያም አለ። ከይረዲን ጢማቸውን ያዙ። የእትዬ እንቁ ስክሪን ጤነኛ መሆኑን ሦስት ምስክር መስክሮለታልና፣ ሰውየው እውነተኛ ባለሙያ ስለሆኑ የራሳቸውን ፍርድ ራሳቸው ሻሩት።

«እሺ፤ ስክሪኑ ንጹሕ ነው። መቼ ጀመረው?»

«ከእሑድ በፊት ደህና ነበር።»

«እሑድ ምን ነካሽበት?»

«እኔ ምንም። እሱ ግን ራሱን ሲያድስ ነበር። አትንኩኝ የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ግማሽ ሰዓት አስጠበቀኝ።»

ከይረዲንም ጣታቸውን አነሡ፤ ይህም በካርቲየ 3 ትልቅ ነገር ሊናገሩ መሆኑን ያመለክታል። «እንግዲያው ፒሎቱ ነው» አሉ። ፒሎት ማለትም በፈረንሳይኛው ማሽን፣ በማሽኑና በሥዕሉ መካከል የሚቀመጥ፣ ሥዕሉን እንዲህ ሣል፣ እንዲህ አቅርብ እያለ የሚነዳ ፕሮግራም ነው፤ ሌላው ሰው ድራይቨር የሚለው። ማሽኑ ራሱን ሲያድስ ነባሩን ፒሎት አባርሮ አዲስ ሾሟል፤ አዲሱም ለዓይን ሲነዳ ደህና ነው፣ ለቀረጻ ሲነዳ ግን ይደናበራል። ከይረዲን ይህን ካስረዱ በኋላ፣ «ለኔ ተዪው፣ ሁሉንም አጥፍቼ እንደ አዲስ እጭነዋለሁ፣ ሰኞ ትወስጂዋለሽ» አሉ። ወይዘሮ እንቁ ሃያ ሦስቱ ትምህርቶች በዚያ ማሽን ሆድ ውስጥ መሆናቸውን፣ ሰኞም ከእሑድ በኋላ መሆኑን አሰቡ፤ ዘንቢሉን መልሰው አነሡ። «ስሙን ነግረኸኛል፤ ይበቃኛል» ብለው ሄዱ። ቅጠሉን ረስተውት ኖሮ ከመንገድ ተመልሰው ገዙ።

በዚያም ቀን ለተከታዮቻቸው፣ «ጥፋቱ የፒሎቱ ነው» የሚል አጭር አዋጅ ወጣ። የፔካ 12 ሦስቱ ሴቶች፣ አውሮፕላን ወደቀ ወይ ብለው ደነገጡ።

ሐሙስ በስምንት ሰዓት ወይዘሮ እንቁ በሩን ገርበብ አድርገው ወደ ማሽኑ ውስጥ ገቡ። ከዚህ ቀደም የሚያውቁት የማእድ ቤት ፈረንሳይኛ ነው፤ ካሮትና ድስቱ ካዝሮል፣ ጨርቁ ቶርሾንና ምንጣፉ ታፒ። ይህ ግን የማሽን ፈረንሳይኛ ነበረ፤ ቃሉ ረጅም፣ ደረቅና ሽታ የሌለው። ስለዚህ ለተማሪዎቻቸው የሚሉትን ለራሳቸው አሉ፦ ሁሉንም አትይ፣ የምታውቂውን ፈልጊ። ጣታቸውን በስክሪኑ ላይ እያስኬዱ ሲወርዱ ካርት ግራፊክ የሚል አዩ። ካርት ካርድ ነው፤ ከፈቱት። በውስጡ ከአራት ትር አንዱ ፒሎት ይላል። ከፈቱት። ከሥሩ ደግሞ ሬስቶሬ ለ ፒሎት የሚል ቁልፍ ተቀምጧል። ሬስቶሬ መመለስ ይሆን ወይስ መደምሰስ? እርግጠኛ አልነበሩም። በቡድኑ ቢጠይቁ ሲምቦ፣ «ሬስቶራን ከሆነ ፒሎቱን ምሳ ጋብዢው ማለት ነው» አለች፤ ወይዘሮ እንቁም የልጅቷ ሳቅ በመመለሱ ደስ አላቸው፣ ግን አልጠቀማቸውም። በመጨረሻ የቀድሞ አሠሪያቸው ስለ አሮጌ ወንበር ሬስቶሬ ስትል መስማታቸው ትዝ አላቸው፤ ወንበሩ ሄዶ እንደ ድሮው ሆኖ ነበር የተመለሰው። አማትበው ተጫኑት።

ስክሪኑ ጥቁር ሆነ።

ወይዘሮ እንቁ እጃቸውን ከቁልፎቹ ላይ አነሡ። ሃያ ሦስት ትምህርት በዓይናቸው ፊት አለፈ፤ የአትክልቱ፣ የአልጋ ልብሱ፣ የሕመም ቃላቱ፣ ማዳም ስትቆጣ የሚባለው። ስንት ሰከንድ እንደቆጠሩ አያውቁም። ከዚያም ማሽኑ አንዴ አጓራ፣ ብርሃን ሰጠ፣ ነባሩ ፒሎት ከስደቱ ተመልሶ በወንበሩ ተቀመጠ። አንዲት ደቂቃ ቀርጸው ቢከፍቷት እንደ ረጋ ውኃ ናት። ወይዘሮ እንቁ በተኮሱት አንሶላ ክምር ላይ ፊታቸውን ደፍተው፣ ቤቱ እንዳይነቃ አፋቸውን አፍነው ሳቁ። አዋጁም ወጣ፦ «ፒሎቱ ተሽሯል። ነገ ትምህርት አለ!» አርባ ሦስቱም ልብና ጭብጨባ ላኩ፤ ዝማሬ የሰርግ ዘፈን ጨመረች።

ነገር ግን የወደቀ ሹም ዘመድ አያጣም። በማግስቱ ዓርብ፣ ማዳም ሁዳ አሥራ አራት እንግዳ ጠርተው፣ ወይዘሮ እንቁ ከንጋት ጀምሮ ስኩዴካሪስ የሚባለውን የበግ ሩዝ በትልቁ ድስት ሲያገላብጡ አርፍደው፣ በምሳና በሻይ መካከል አንዲት ሰዓት አግኝተው ላፕቶፑን ቢከፍቱ፣ ሙከራው ቀረጻ ብልጭ ድርግም አለ። ማሽኑ በቤቱ ዋይፋይ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ አዲሱን ፒሎት መልሶ ሾሞት አደረ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ጊዜ ያለቅስ ነበር፤ ወይዘሮ እንቁም ትንሽ አለቀሱ። ከዚያ ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ጦርነቱን ከሥሩ ጀመሩት። በመጀመሪያ ዋይፋዩን ቆረጡ፣ ስንቅ እንዳይገባ። ቀጥለው በመጣበት መንገድ ገብተው ፒሎቱን ዳግመኛ አወረዱት። ሦስተኛም ማሽኑ ፒሎት በራሱ ፈቃድ እንዳያመጣ የሚከለክለውን ቦታ ፈለጉ፤ ሦስት ገጽ ተሳስተው በአራተኛው አገኙት፤ ኖን የሚለውን መረጡ። ኖን ማለት እንቢ ማለት ነው፤ እሱን ከመጀመሪያው ትምህርት ጀምሮ ያውቁታል።

ሲሞክሩት ሥዕሉ ረጋ። ሰዓቱን ቢያዩ ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። ወዲያው መቅረጽ ጀመሩ፤ ስለ ጃቬል ተናገሩ፣ ስለ ጨውና ስለ ስኳር ተናገሩ፣ ከዚያም ዋናው ቃል ላይ ደረሱ። አራሺድ፣ ማለት ለውዝ። ቃሉን በሰፊው ጽፈው ቀዩን መስመር ከሥሩ እየሳቡ፣ «ሲምቦ፣ ይህን ቃል በማሸጊያ ላይ ካየሽ ለልጁ አትስጪ፤ ፊደሉን አንድ በአንድ ያዢ» ሲሉ፣ ከኋላቸው ሌላ ድምፅ ተሰማ፦

«ፎት! ስሕተት ነው እሱ!»

ማዳም ሁዳ የሻይ ትሪ ሊጠይቁ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል። ወይዘሮ እንቁ ደንግጠው ተነሡ፤ ማውዙ ከእጃቸው ወደቀ። ማዳም ሁዳ ግን ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ጣታቸውን ዘረጉ፦

«አራሺድ በኤስ ነው እንዴ የሚጻፈው? በሴና በአሽ ነው! ልጅቱ በኤስ ስትፈልግ ብትውል በየትኛው ማሸጊያ ላይ ታገኘዋለች? ባጣችው ጊዜ የለበትም ብላ ትሰጠዋለች! ሰው ይሞታል፣ እንቁ!»

ወይዘሮ እንቁ ቃሉን አዩት። ሥዕሉ ሲርገበገብ ማንም ሊያየው ያልቻለው ያ ፊደል፣ አሁን ጥርት ብሎ፣ በቀይ ተሰምሮበት፣ ተሳስቶ ቆሞ ነበር። ወዲያውም ኤሱን አጥፍተው፣ ፈረንሳዮች ሴ የሚሉትን ሲ ጻፉበት፤ አሽ የሚሉት ኤች በቦታው ነበረ።

«እንዲህ ነው» አሉ ማዳም ሁዳ። «ትራስ የሚለውንም ጨምሪ። ትራስ ዳራሺድ ካለ ጥቂት ነክቶታል ማለት ነው። ጥቂትም ይገድላል። እኔ ፋርማሲ ውስጥ አይቻለሁ።» ወይዘሮ እንቁ ያንንም ጻፉ። ማዳም ሁዳ ሊወጡ ሲሉ ዞር አሉ፦ «ደግሞ ሃያ ሦስቱንም ሰምቻለሁ። ከግድግዳው ወዲያ ነው የምተኛው። በአሥራ አንደኛው ላይ እያስመሰልሽ ያወራሽው የዚያች የቁጡ ማዳም ድምፅ የኔ ነው?»

ወይዘሮ እንቁ ጎንበስ ብለው ማውዙን አነሡ። ማዳም ሁዳም መልሱን ሳይጠብቁ፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ትሪውን ራሳቸው ይዘው ወጡ።

ቀረጻው ሳይቋረጥ ይሄድ ነበር። እንግዶቹ ሻይ ይጠይቃሉ፤ እንደገና ለመቅረጽ ጊዜ የለም። ወይዘሮ እንቁ ትምህርቱን እንዳለ፣ ከነስሕተቱ፣ ከነቁጣው፣ ከነድንጋጤያቸው ላኩት። በዚያችም ምሽት ሃያ አራተኛው ትምህርት ከትምህርቶቹ ሁሉ በላይ ታየ። አምቡሊዎች፣ እውነተኛ ማዳም እንዴት እንደምትቆጣ አሁን ገና ሰማን አሉ። ዝማሬ፣ «ፎት!» የሚለውን ቆርጣ የስልኳ ጥሪ አደረገችው፤ ስልኳ በጮኸ ቁጥር ባልዲዋን ታስቀምጣለች። ሲምቦ ግን አልቀለደችም። ቅዳሜን ሙሉ ተቀምጣ አየችው፣ ሴ አሽ፣ ሴ አሽ እያለች በወረቀት ጻፈችው። አመሻሹ ላይ የክፍሏ ልጆች ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ወደ ኦቦክ መኪና ሲወጡ፣ እስከ በር ሸኝታቸው አለቀሰችና ወደ ወረቀቷ ተመለሰች።

እሑድ፣ በግንቦት በአሥረኛው ቀን፣ ከረፋዱ በአምስት ሰዓት፣ ወይዘሮ እንቁ ወለል ሲወለውሉ ከሲምቦ ድምፅ ደረሳቸው። በሹክሹክታ ነበር የምታወራው፦

«እትዬ እንቁ፣ መታጠቢያ ቤት ተደብቄ ነው። ወረቀቱን አነበብኩት፤ ሁሉንም ባይሆንም አነበብኩት። ከዛ ለልጁ ብስኩት ስጪው አለችኝ፣ ራሷ ማዳሟ ትናንት የገዛችውን። ማሸጊያውን ገለበጥኩት። በታች በትንንሽ ፊደል ትራስ ዳራሺድ ይላል። በሴና በአሽ! አልሰጠሁትም። ወስጄ አሳየኋት። አነበበችና እዛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዛ እጄን ያዘችኝ። እስካሁን እጄ ይሞቀኛል።»

ወይዘሮ እንቁ ይህን ሦስት ጊዜ ሰሙት። ከዚያ ስልኩን ይዘው ወደ ማዳም ሁዳ ክፍል ሄዱ፤ በሹክሹክታ የተነገረው አማርኛ ለማዳም ሁዳ ከብዷቸው ስለነበር ቃል በቃል ተረጎሙላቸው። ማዳም ሁዳ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። «ሃያ አምስተኛው የመድኃኒት ነው» አሉ። «እኔ አነባለሁ፣ አንቺ ትጽፊያለሽ። ክሊሙ ሥር።»

እንግዲህ ይህ ሁሉ በሆነ ጊዜ ከካርቲየ 3 እስከ ኤሮን፣ ከአምቡሊ እስከ ዋራበሌ፣ እስከ ፔካ 12ም ድረስ በአርባ ሦስት ስልክ እንዲህ ተባለ፦ እነሆ ወይዘሮ እንቁ፣ የማይሰማውን ማሽን በማእድ ቤት ፈረንሳይኛ ያናገሩ፤ ማሽኑ ሁለት ጊዜ የሾመውን ከዳተኛ ፒሎት ሁለት ጊዜ የሻሩ፣ ማሽኑንም በኖን የመለሱ፤ የሚርገበገበውን ያረጉ፣ የጨለመውን ያበሩ፤ ስሕተታቸው ጥርት ብሎ በታየ ጊዜም ሳይደብቁ በአደባባይ ያረሙ። ዘመናቸው ይርዘም፣ ዋይፋያቸው በፈቃዳቸው ይከፈት፣ በፈቃዳቸውም ይዘጋ፤ በከተማው ውስጥ ባለ ፍሪጎ ሁሉ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ሁሉ ፊት የቆመች የአገራቸው ልጅም አንብባ፣ ቀና ብላ፣ ዊ ትበል።